ከወሎ ተነሥቶ በውጭ አገር የዱር እንስሳት ጥበቃና የማኅበረሰብ ሥራ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን፦ ዝርዝር የዝግጅት መመሪያ

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አንድ ወጣት «ውጭ አገር ልሄድ ነው» ሲል የሰሚው ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ ደላላና ወደ ባሕር ነው። በዚያ መንገድ የሄደ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ስለማይገኝ ማንም አይፈረድበትም። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው፤ ይኸውም በሕጋዊ ግብዣና በሕጋዊ ቪዛ፣ ለተወሰኑ ወራት ወይም ለአንድ ዓመት፣ ደመወዝ ሳይጠብቁ በሌላ አገር በዱር እንስሳት ጥበቃና ከእንስሳቱ ጋር ጎን ለጎን በሚኖረው ማኅበረሰብ ሥራ ላይ ለማገልገል የሚደረግ ጉዞ ነው።

እኔ ራሴ በዚህ መንገድ አልፌ ከተመለስኩ በኋላ ለሚያመለክቱ ወጣቶች ደብዳቤያቸውን እያየሁ ማረም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ የሚወድቁት እንደሚፈሩት በእንግሊዝኛቸው ድክመት አይደለም። የሚወድቁት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ሥራ እንደ ዕውቀት ስለማይቆጥሩትና በጽሑፍ የሚያሳዩት ማስረጃ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ግማሽ ያህሉ የሚፈጸሙት ከወሎ ሳይወጡ ነው። ለጠቅላላው ዝግጅት አንድ ዓመት መመደብ ተገቢ ሲሆን ከስድስት ወር ያነሰ ጊዜ ግን ለሰነድና ለክትባት ብቻ እንኳ ይጠባል።

አንደኛ፦ ምን መሥራት እንደሚችሉ በትክክል ይለዩ

«እንስሳት እወዳለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሁሉም ማመልከቻ ላይ ስላለ ማንንም ከማንም አይለይም። ተቀባዩ ድርጅት ማወቅ የሚፈልገው ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ሲሰማሩ እጅዎ ምን እንደሚሠራ ነው። ወረቀት አውጥተው ያለ ኀፍረት ይዘርዝሩ፦ ከብት አግደው ያውቃሉ? እርከን ሠርተዋል? ቀፎ ሰቅለው ማር ቆርጠዋል? በጤና ኬላ ወይም በትምህርት ቤት አገልግለዋል? ሞተር ብስክሌት ይነዳሉ? የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ ፈትተው ይገጥማሉ?

ይህ ዝርዝር ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በኬንያ፣ ከምሥራቅ ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ባለው በሳጋላ አካባቢ፣ ገበሬው በቆሎውን ከዝሆን የሚከላከልበት አንዱ ዘዴ የንብ ቀፎ አጥር ነው። በማሳው ዙሪያ ቀፎዎች በ10 ሜትር ያህል ልዩነት ይሰቀሉና በሽቦ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ዝሆኑ በቀፎዎቹ መካከል ለማለፍ ሽቦውን ሲገፋ ቀፎዎቹ ይናወጣሉ፣ ንቡም ይነሣል። የዝሆን ቆዳ ወፍራም ቢሆንም ንብ በዓይኑ ዙሪያና በኩምቢው ውስጥ ትነድፈዋለች፤ ስለዚህ ድምጿን ሲሰማ ይሸሻል። ዘዴውን በጥናት ያዳበረችው ሉሲ ኪንግ የተባለች ተመራማሪ ስትሆን ሥራው የሚካሄደው ሴቭ ዘ ኤሌፋንትስ በተባለ ድርጅት ሥር ነው። ገበሬው ሰብሉን ከማዳኑ በላይ ማሩን ይሸጣል።

አሁን ከላስታ ወይም ከአምባሰል የመጣን አንድ የንብ አናቢ ልጅ አስቡ። ቀፎ ሲጎበኝ ጭሱን ምን ያህል እንደሚያጨስ፣ መንጋ ሊኮበልል ሲል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ የቀፎው መስቀያ እግር ላይ አመድ እንዴት እንደሚነሰነስ ያውቃል። ብዙ የከተማ ተመራቂ ይህን በአንድ ወር ሥልጠና አይማረውም። ሆኖም ይህ ልጅ ማመልከቻ ሲጽፍ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ብሎ ይሞላል። እንዲህ ያለውን «የለም» በገዛ እጄ ሰርዤ አውቃለሁ።

ለእርከን ሥራም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ላይ የተሰለፈ ሰው የድንጋይ ክትር፣ የአፈር እርከንና የውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ በተግባር ያውቃል፤ ይህም ደን ባለቀበት የፓርክ ዳርቻ ለሚሠራ ማንኛውም የማኅበረሰብ ፕሮጀክት የሚፈለግ ሙያ ነው።

ሁለተኛ፦ ልምምዱን እዚሁ ይጀምሩ

ወሎ ለዚህ ልምምድ የታደለ አገር ነው። በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ በላሊበላ አቅራቢያ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ፤ በሁለቱም ቦታ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይገኛሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። በዱር የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ቀበሮውን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ ውሻን መከተብ ሰውንም ቀበሮንም ማዳን ነው። አንድ አመልካች ይህን ትስስር በራሱ ወረዳ ምሳሌ ማስረዳት ከቻለ የዱር እንስሳት ጥበቃና የማኅበረሰብ ሥራ ለምን እንደማይነጣጠሉ ገብቶታል ማለት ነው።

ለመለማመድ ከጭላዳ የተሻለ እንስሳ የለም። ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ አፋፉ ይወጣል፣ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ስለሚታይ መቁጠር ይቻላል። ወደ ፓርክ ክልል ለመግባት አስቀድመው ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ከአካባቢው ስካውት (የፓርክ ጥበቃ ሠራተኛ) ጋር ይሂዱ፣ ሊቀርቡት አይሞክሩ፣ ምግብም አይስጡት።

ማስታወሻ አያያዙ የሙያው ግማሽ ስለሆነ አንድ ናሙና ልስጥ። «ጥር 14፤ ጠዋት 1፡20፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ቀላል ነፋስ፤ ቦታ፦ ከገደሉ አፋፍ በስተ ምሥራቅ። ጋማ ያለው ወንድ 3፣ ሴት 11፣ ግልገል 6፣ ያልለየሁት 4። 2፡05 ላይ እረኛ ከውሻ ጋር አለፈ፤ መንጋው ወደ ገደሉ ሸሸ፤ 2፡30 ላይ ተመለሰ።» በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ከሁሉ የምትበልጠው ቃል «ያልለየሁት» የምትለዋ ናት። ጀማሪ ያልለየውን ገምቶ ይሞላል፤ የተማረ ቆጣሪ ግን ያልለየውን እንዳልለየ ይጽፋል። በአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በወር ሁለት ጊዜ ለስድስት ወር የተያዘ እንዲህ ያለ ደብተር ፎቶ ተነሥቶ ከማመልከቻ ጋር ሲያያዝ ከብዙ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ይልቃል። ጎን ለጎንም የስልክዎን ጂፒኤስ ተጠቅመው ቦታ መመዝገብንና ኮቦ በተባለው ነፃ መተግበሪያ መጠይቅ መሙላትን ይልመዱ፤ ብዙ የመስክ ፕሮጀክቶች መረጃ የሚሰበስቡት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ነው።

የማኅበረሰቡን ወገን በተመለከተ ክረምት ላይ የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ የቀይ መስቀል የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና፣ በወረዳው እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት የሚካሄድ የክትባት ዘመቻ ሁሉም በር ናቸው። ዋናው ነገር ሥራው ሲያልቅ ደብዳቤ መጠየቅ ነው። እኛ ዘንድ ሠርቶ ደብዳቤ መጠየቅ እንደ ውለታ ቆጠራ ስለሚታይ ብዙ ሰው ያፍራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ግን በደስታ ይጽፋል። ደብዳቤው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ምን፣ ስንት ጊዜ እንደሠሩ ይግለጽ፤ «ታታሪና ታማኝ ነው» የሚል ብቻ ከሆነ ግን ብዙም አይረዳም።

ሦስተኛ፦ ድርጅቱን ይመርምሩ

እዚህ ላይ ቆም ብለው ጊዜ ይውሰዱ። በዓለም ላይ «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የበጎ ፈቃደኛውን መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ኢንሹራንስና የኪስ ገንዘብ የሚሸፍን መርሐ ግብር ነው። ሁለተኛው ከበለጸጉ አገሮች ለሚመጡ ሰዎች የተዘጋጀ፣ ተሳታፊው በሳምንት ብዙ መቶ ዶላር እየከፈለ የሚሳተፍበት የጉብኝት ዓይነት ነው። ሁለተኛው ሁሉ ማጭበርበር ነው አልልም። ነገር ግን ለወሎ ወጣት የሚመች አይደለምና ጊዜዎን በመጀመሪያው ላይ ያውሉ።

ከመጀመሪያው ዓይነት ሦስቱን ልጥቀስ። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተ ሲሆን ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያንን ለ12 ወራት በሌላ የአፍሪካ አገር ያሰማራል። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን ቦን የሚገኝ ሲሆን በዕድሜና በልምድ የተከፋፈሉ ምድቦች አሉት። ምድቡን ሳያዩ የሚያመለክቱ ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ። የጀርመን መንግሥት የሚደግፈው ቬልትቬርትስ የተባለው መርሐ ግብር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርመናውያን ወጣቶችን ወደ ሌሎች አገሮች በመላክ የጀመረ ሲሆን ከ2013 ወዲህ ከደቡቡ ዓለም (እንደ አፍሪካ፣ እስያና ላቲን አሜሪካ ካሉ አካባቢዎች) ወጣቶችን ወደ ጀርመን የሚያመጣ ዘርፍም አለው። እዚያ የሚገቡት በተቀባይና በላኪ አጋር ድርጅቶች በኩል ነው። ሦስቱም ለማመልከት ክፍያ አይጠይቁም።

ድርጅቱ ታዋቂ ካልሆነ የሚከተሉትን ይጠይቁ። በአገሩ የተመዘገበው በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ቀድሞ ያገለገሉ፣ በተለይም አፍሪካውያን የሆኑ በጎ ፈቃደኞችን ማነጋገር ይቻላል? እርስዎ የሚሠሩትን ሥራ የአካባቢው ሰው ተቀጥሮ ለምን አይሠራውም? የመጨረሻው ጥያቄ አንዳንዱን ድርጅት ያስቆጣል፤ መቆጣቱም መልስ ነው።

ከእንስሳት ጋር በተያያዘ አንድ ምልክት ልብ ይበሉ፦ ማስታወቂያው በጎ ፈቃደኛ የአንበሳ ግልገል አቅፎ ጡጦ ሲያጠባ የሚያሳይ ከሆነ ይራቁ። በደቡብ አፍሪካ በዚህ ሁኔታ በሰው እጅ ያደጉ አንበሶች ወደ ዱር መመለስ ስለማይችሉ በታጠረ ግቢ ውስጥ ለአዳኞች ዒላማ ሲሆኑ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ መንግሥት የዚህ ዓይነቱን እርባታ ለማስቆም እንደወሰነ አስታውቋል። ትክክለኛ የጥበቃ ፕሮጀክት ሰውን ከእንስሳው ያርቃል። በማኅበረሰቡ ወገንም ያለ ወንጀል ማጣሪያ፣ ያለ ሥልጠና፣ ለሁለት ሳምንት የሚመጣን እንግዳ ከወላጅ አልባ ሕፃናት ጋር የሚያሰማራ ድርጅት ሕፃናቱን አይጠብቅም።

ስለ ደላላ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ወሎ በዚህ ተምራለች። ግብዣው በቴሌግራም ከመጣ፣ ስልኩ እንጂ አድራሻው ካልታወቀ፣ «ለቪዛ ማስኬጃ» ተብሎ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ እንዲገባ ከተጠየቀ፣ ወይም ፓስፖርትዎን ለሦስተኛ ሰው እንዲያስረክቡ ከተነገርዎ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያብቃ።

አራተኛ፦ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ

ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ቁጥር ይጠቀሙ፦ «በተፋሰስ ሥራ ተሳትፌአለሁ» ከማለት «በሁለት ዓመት 46 ቀን ሠርቼ 12 ሰው ያለበትን ቡድን አስተባብሬአለሁ» ማለት ይሻላል፤ ቁጥሩ ግን እውነተኛ ይሁን፣ በቃለ መጠይቅ ይጠየቃልና። በማመልከቻው ደብዳቤ ላይ ያ ፕሮጀክት የሚሠራበትን ቦታና ችግር በስሙ ይጥቀሱ። ለሁሉም የሚላክ አንድ ደብዳቤ ከሩቅ ይታወቃል።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ስለሚሆን መብራት ቢጠፋ የሚያገለግል የተሞላ ስልክና ፓኬጅ ያዘጋጁ። ሰዓቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። እኛ «ሦስት ሰዓት» የምንለውን ጠዋት እነርሱ በእንግሊዝኛ «ዘጠኝ» ይሉታል፤ በዚህች ብቻ ዕድሉ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። የሚገርመው ስዋሂሊ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው ሲቆጥሩ እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ የእነርሱ «ሳአ ታቱ» የእኛው ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓቱን በእንግሊዝኛ ሲነግሩን ነው የሚምታታብን። «ከአለቃህ ጋር ባትስማማ ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ «እስማማለሁ» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ባለፈ ሥራ ላይ የገጠመዎትን አንድ አለመግባባትና እንዴት እንደፈቱት ይንገሩ። ሽማግሌ አስታርቋችሁ ከሆነም ይነገር፤ ከማኅበረሰብ ጋር መሥራት ለሚያውቅ ድርጅት ትልቅ መልስ ነው።

አምስተኛ፦ ሰነዶች

ሁሉም ሰነድ የሚንጠለጠልበት አንድ ነገር የስምና የልደት ቀን አንድነት ነው። ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት መንገድ ይጻፋል፤ ኃይሌም እንዲሁ። የትምህርት ማስረጃው በአንድ መንገድ፣ ፓስፖርቱ በሌላ መንገድ ከተጻፈ ኤምባሲው ሁለት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። የእኔ ችግር የልደት ቀን ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ማስረጃዬ ሲተረጎም በእኛ አቆጣጠር 1982 ዓ.ም. የነበረው ዓመት ሳይቀየር እንደ አውሮፓ ተገልብጦ ተጻፈ፤ እኔም ባንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አርጅቼ የመርሐ ግብሩን የዕድሜ ጣሪያ አለፍኩ። ስሕተቱን ያየሁት ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ በኋላ ነው፤ ለማስተካከልም ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ማንኛውም ሰነድ ሲወጣ መስኮቱ ፊት ቆመው ፊደል በፊደል ያንብቡ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እንደሆነ ያስታውሱ።

ፓስፖርት በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በኩል ይወጣል። ከመሄድዎ በፊት የልደት ምስክር ወረቀትና የፋይዳ መታወቂያ በእጅዎ ይኑር። ፓስፖርቱ ከሚመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ከሕፃናት ጋር ለሚሠራ ሰው ሁልጊዜ፣ ለሌላውም ብዙ ጊዜ፣ በፖሊስ አሻራ የሚሰጥ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው የሚያገለግልበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ቀድመው አያውጡት። የትምህርት ማስረጃዎች ተተርጉመው በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጉዳዮቹን አጠራቅሞ በአንድ ጉዞ መጨረስ ወጪ ይቆጥባል።

በቪዛ ላይ የሚሠራ ስሕተት ውድ ነው። አንድ አገር ኢትዮጵያዊን ያለ ቪዛ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያስገባል ማለት በጎ ፈቃድ ሥራ ይፈቅዳል ማለት አይደለም። በብዙ አገሮች ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራም ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የማስወጣት ግዴታ ያለበት ተቀባዩ ድርጅት ነው። «እንደ ቱሪስት ግባ፣ እዚህ እናስተካክላለን» የሚል ድርጅት የመባረርን አደጋ በእርስዎ ትከሻ ላይ ይጭናል።

ስድስተኛ፦ ጤና

የቢጫ ወባ ክትባት ከሁሉ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ በሽታው ሊከሰትባቸው ከሚችሉ አገሮች መካከል ስለምትመደብ ብዙ አገሮች ቢጫ ካርድ ይጠይቁናል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በተሻሻለው ደንብ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወባን በተመለከተ የደጋ ሰው ራሱን ያታልላል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች እዚህ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አይለምድም። «አፍሪካዊ ነኝ፣ እኔን አይነካኝም» የሚለው አነጋገር ለቦሩ ሜዳ ልጅ አይሠራም። የመከላከያ መድኃኒቱን ዓይነትና አወሳሰድ ሐኪም ይወስን፣ ከመመለስዎም በኋላ እስከታዘዘበት ቀን ድረስ አያቋርጡ። ተመልሰው ትኩሳት ከያዘዎት የት እንደነበሩ ለሐኪሙ መጀመሪያ ይንገሩ።

ከውሻ፣ ከሌሊት ወፍ ወይም ከሥጋ በል እንስሳ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሚመክረው በመጀመሪያው ቀንና ከዚያ ሰባት ቀን ቆይቶ የሚሰጡ ሁለት ዙሮችን ነው። የተከተበ ሰውም ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄዱ አይቀርለትም።

እንስሳትን ከእኛ በሽታ መጠበቅም አለ። በኡጋንዳ ብዊንዲ ደን እ.ኤ.አ. በ1996 የተራራ ጎሪላዎች ላይ የእከክ በሽታ ታየ፤ ጉዳዩን የመረመረችው ኡጋንዳዊቷ የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ምንጩ በደኑ ዳርቻ የሚኖረው፣ ጤና አገልግሎት ያልደረሰው ሕዝብ እንደሆነ ደረሰችበት። ከዚያ በመነሣት በ2003 የሰዎቹንና የጎሪላዎቹን ጤና በአንድነት የሚይዝ ድርጅት መሠረተች። ዛሬ ወደ ጎሪላ የሚቀርብ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ 10 ሜትር ያህል ይርቃል፣ ጉንፋን ከያዘውም አይሄድም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ቢጠየቁ አይከፉ።

ሰባተኛ፦ ገንዘብና ቤተሰብ

መርሐ ግብሩ ሁሉን እንኳ ቢሸፍን ለፓስፖርት፣ ለማስረጃ፣ ለአዲስ አበባ ምልልስና ለክትባት ከኪስ ይወጣል። ይህን ወጪ በዕቁብ ማጠራቀም ከብድር ይሻላል፤ ደመወዝ ለሌለው ጉዞ መበደር ግን አይገባም። ድርጅቱ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን፣ በተለይም የመመለሻ ትኬትንና ለሕመም ወይም ለአደጋ የሚሆነውን ኢንሹራንስ፣ በጽሑፍ ይቀበሉ። ለሕጋዊ የውጭ ምንዛሪ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘው ባንክ ይጠይቁ።

ቤተሰብን ማስረዳት ከሰነዱ ሊከብድ ይችላል። እናቴ ቡና እያፈላች በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «ደመወዝ የሌለው ውጭ አገር ምን ይሉታል ልጄ?» ብላ ነው። አጎቴ ደግሞ ደላላ እንዳታለለኝ እርግጠኛ ነበር። መልሴን በቃል ጀምሬ አልቻልኩም። በኋላ ግን ውሉን በአማርኛ ተርጉሜ፣ የሚከፈለኝን የኪስ ገንዘብ፣ የምመለስበትን ቀንና የድርጅቱን አድራሻ በአንድ ገጽ ጽፌ አጎቴ በሦስተኛው ስኒ ላይ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አደረግኩ። «ብር ይልካል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ያኔውኑ አይሆንም ማለት ይገባል። አንዱ ወር ቢልኩ በሌላው ወር ይጠየቃሉ፣ የኪስ ገንዘቡም ለራስዎ አይበቃም።

ስምንተኛ፦ ቋንቋና ሻንጣ

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለሚሄድ የሦስት ወር ስዋሂሊ ጥናት ብዙ በር ይከፍታል። በመድረሳ ወይም በቤት ዓረብኛ የቀሰመ የወሎ ልጅ ግማሽ መንገድ ተጉዟል፤ ኪታቡ መጽሐፍ፣ አሳሊ ማር፣ ሳፋሪ ጉዞ፣ ሐባሪ ወሬ ናቸውና።

ልብስ ደብዛዛ ቀለም ይሁን። ሰማያዊና ጥቁር የገንዲ በሽታ አስተላላፊውን ዝንብ ስለሚስቡ ለመስክ አይሆኑም። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ልብስ በኡጋንዳና በሌሎች አገሮች ያሳስራል። ዕቃዎን በፌስታል አይጠቅልሉ፤ የፕላስቲክ ከረጢት በሩዋንዳ ከ2008፣ በኬንያ ከ2017፣ በታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ጫትም በታንዛኒያ፣ በብሪታንያና በሌሎች ብዙ አገሮች በወንጀል ያስጠይቃል፤ «ለራሴ ነው» ማለት አያድንም። በሶ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ግን የመግቢያውን አገር ደንብ አይተው ይያዙ። ጋቢ አይቅር፤ የናይሮቢ ሐምሌ ይበርዳል። ጾም የሚጾሙ ወይም ሥጋን በሃይማኖትዎ ሥርዓት ካልታረደ የማይበሉ ከሆነ ይህን ሳያፍሩ አስቀድመው ይጻፉላቸው።

ዘጠነኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሲደርሱ ለሁለት ሳምንት ያህል ከመምከር ይልቅ ይጠይቁ። ዝሆን በቆሎውን የበላበት ገበሬ በዝሆን ላይ ቢራገም «ዝሆን ሀብት ነው» ብለው አያስተምሩት፤ ጦጣ ማሽላውን የጨረሰችበት የቃሉ ገበሬ ምን እንደሚል ያውቃሉና። የሕፃናትን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አያንሡ። እንስሳ ያዩበትንም ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ገጽ አይለጥፉ፤ አዳኞችም ያያሉ።

ከመነሣትዎ በፊት የፓስፖርት፣ የቪዛ፣ የውልና የኢንሹራንስ ቅጂ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ይስጡ፣ የሚደውሉበትንም ቀን ይወስኑ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ስለሚቆጥሩ ስሌት አያስፈልግም። እኔ የያዝኩት እሑድ ከሰዓት፣ እቤት አቦሉ ሲቀዳ ነበር። መስመሩ ደካማ ሆኖ ድምፅ ሲቆራረጥ እናቴ ስልኩን ከረከቦቱ ላይ አስደግፋ ትተወዋለች፣ እኔም የስኒውን ኳኳታ እየሰማሁ እስኪስተካከል እጠብቃለሁ።